መቃብር ቆፋሪዋ ፍልፈልና ስንጥቁ ገንቦ

ጠጋ በሉ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ከኋላ ያላችሁ ወደ ፊት ኑ፤ የምታወሩም ወሬያችሁን አቁሙ። የምነግራችሁ ድሮ፣ በጣም ድሮ፣ አራዊት በአንድ ሸንጎ ይቀመጡ በነበረበት፣ የሸክላ ገንቦም አፍ አውጥቶ ይናገር በነበረበት ዘመን የሆነውን ነው። ደስ የሚል ተረት አይደለም። ግን ስሙኝ።

በዚያ ዘመን በአንድ ቆላ ሸለቆ ውስጥ አንዲት ፍልፈል ትኖር ነበር። ፍልፈሊት ይሏታል። ዓይኗ አጥርቶ አያይም፣ ጥርሷ ከከንፈሯ ውጭ ገጥጦ ይታያል፣ ጥፍሯ ሁልጊዜ አፈር እንደያዘ ነው። ሥራዋ መቃብር መቆፈር ነበር። በሸለቆው ማንም ቢሞት የምትጠራው እሷ ናት። ትመጣለች፣ ትቆፍራለች፣ ጅብ እንዳያወጣው አጥልቃ ትቀብራለች፣ ትሄዳለች። ቀብር ሲሆን «ፍልፈሊት፣ ድረሽልን!» ይሏታል። ሠርግ ሲሆን የሚጠራት የለም። መንገድ ላይ ካገኟት ልጆቻቸውን ከኋላቸው ይደብቃሉ። «መቃብር መቃብር ትሸታለች» ይላሉ።

በሸለቆው መሀል አንድ ኩሬ ነበር። ጎሹም ይጠጣበታል፣ ከርከሮውም ይንከባለልበታል፣ ጥንቸሏም ጫፉ ላይ ጎንበስ ብላ ትጎነጫለች። በጋ ሲገባ ኩሬው እየጠበበ፣ እየጠቆረ፣ እየወፈረ ይሄዳል። በጋ በገባ ቁጥር ደግሞ የሆድ በሽታ አብሮ ይገባል። ትልልቆቹ ታመው ይነሣሉ። ልጆቹ ግን አይነሡም። ጠዋት ሲቦርቅ የነበረ ግልገል እኩለ ቀን ላይ ሆዱን ይይዛል፣ በማግስቱ ዓይኑ ይጎደጉዳል፣ በሦስተኛው ቀን ፍልፈሊት ትጠራለች።

ፍልፈሊት አንድ ልማድ ነበራት። ልጅ በቀበረች ቁጥር በጎሬዋ በር ላይ አንድ ጠጠር ታስቀምጣለች። ለጥንቸል ቤት አንድ ረድፍ፣ ለከርከሮ ቤት አንድ ረድፍ፣ ለድኩላ ቤት አንድ ረድፍ።  ከወላጆቻቸው ሌላ የሚያስታውሳቸው ይኑር ብላ ነው መሰለኝ።

አንድ ዓመት በጋው ከፋ። በዚያ ዓመት በሽታው የፍልፈሊትን ቤትም አልዘለለም። የመጨረሻ ልጇን፣ አንጓችን ያዛት።

ፍልፈሊት ወደ አያ ዝንጀሮ ሮጠች። አያ ዝንጀሮ የሸለቆው መድኃኒት አዋቂ ነው። ቅጠል ይወቅጣል፣ ሥር ይጨምቃል፣ መራራ መራራውን ይግታል። አንጓችንም ጋታት፤ አስመለሳት። ደግሞ ጋታት፤ ደግሞ አስመለሳት። በሦስተኛው ቀን አንጓች ከንፈሯ ደርቆ «እማዬ፣ ውኃ» አለች። ፍልፈሊት ከኩሬው አመጣችላት። አንጓች ጠጣችና ሞተች።

ያን ቀን ፍልፈሊትን የሚጠራት አላስፈለገም። ራሷ ቆፈረች፣ ራሷ ቀበረች። ለቅሶ የደረሳት የለም። ለቀስተኞች የመቃብር ቆፋሪ ደጅ አይረግጡም።

ከቀብር ተመልሳ ጠጠሯን አስቀመጠች። እንባዋ እየወረደ ረድፎቹን በጥፍሯ ዳሰሰች። የጥንቸል ቤት ረድፍ ረጅም ነው። የከርከሮ ቤት ረድፍ ከሱ ይረዝማል። የድኩላ ቤት ሁለት። እየዳሰሰች እየዳሰሰች ሄደችና ድንገት እጇ ባዶ መሬት ላይ አረፈ።

«የቆቅ ቤት የታለ?» አለች። ደግማ ዳሰሰች። «ለቆቅ ቤት እኮ አንድም ቀብሬ አላውቅም!»

እንባዋን ጠርጋ ተነሣች።

ቆቅ የምትኖረው ከሸለቆው ጫፍ፣ ከደረቀው ወንዝ ዳር ነበር። ያንን ወንዝ አራዊቱ «የሞተው ወንዝ» ይሉታል። ውኃው ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ የቀረው አሸዋ ብቻ ነው። ወደዚያ የሚሄድ የለም፤ ክፉ ነገር አለበት ይባላል።

ፍልፈሊት ስትደርስ ቆቅ ጫጩቶቿን ከኋላዋ አስከትላ ትጭር ነበር።

«እትዬ ቆቅ፣ ልጆችሽ ስንት ናቸው?»

«ውይ!» ብላ ቆቅ ክንፏን ዘረጋች። «አንቺ የሌላውን ልጅ ስትቆጥሪ ያስፈራል! ምን ፈልገሽ ነው?»

«ክፉ አላመጣሁም። በዚህ በጋ የታመመብሽ አለ?»

«የለም።»

«ባለፈውስ በጋ?»

«ያኔም የለም።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ሟርት ነው እንዴ? የለም አልኩሽ!»

«ውኃ ከየት ትጠጣላችሁ?»

ቆቅ በእግሯ አሸዋውን አሳየቻት። «ኩሬው ለልጆቼ ይርቃል። ከዚሁ ነው የምንጠጣው። አሸዋውን ስንጭረው ከሥር ውኃ ያመነጫል። የሚያስንቅ ነገር ነው፤ ለማንም እንዳትነግሪብኝ።»

ፍልፈሊት አፍንጫዋን ወደ ጉድጓዱ ሰደደች። ውኃው አይሸትም። ቀመሰችው። ምንም ምንም አይልም። ዕድሜዋን በሙሉ አፈር ውስጥ የኖረች ናት፤ ድንጋይ ውኃን እንደሚያቆም፣ ጭቃ እንደሚያረክሰው፣ አሸዋ ግን አጣርቶ እንደሚያሳልፈው ታውቃለች። የምታውቀውን ነገር እስከዚያ ቀን ድረስ አስባው አታውቅም ነበር።

«እነሱ ወደዚህ አይመጡም» አለች ለራሷ። «ስለዚህ አሸዋው ወደ እነሱ መሄድ አለበት።»

ስትመለስ መንገድ ዳር አንድ ገንቦ ወድቆ አገኘች። መንገደኞች የጣሉት ነው። ቂጡ ተሰንጥቋል።

«ገንቦ፣ ከኔ ጋር ትሄዳለህ?» አለችው።

«ለምን እሆንሻለሁ?» አለ ገንቦው። «አይታይሽም? ውኃ አልይዝም። ያንጠባጥባል ብለው ነው የጣሉኝ።»

«የምፈልገው እንድታንጠባጥብልኝ ነው።»

 «እንዲህ ያለ ነገር ብሎኝ የሚያውቅ የለም» አለ ገንቦው። «ውሰጂኝ።»

ፍልፈሊት ገንቦውን እያንከባለለች ወሰደችው። ከሥር ጠጠር አደረገችበት። ከላዩ አሸዋ ሞላችበት። መብረቅ ካቃጠለው ግራር ከሰል አምጥታ፣ ደቁሳ ጨመረችበት። እንደገና አሸዋ አለበሰችው። ከዚያ ወደ ኩሬው ወረደች።

ኩሬው «ምን ልታደርጊበት ነው የምትቀጂው?» ሲል ጠየቃት።

«ልጄን ገድለህብኛል።»

«እኔ ምን ላድርግ?» አለ ኩሬው በደከመ ድምፅ። «ሁሉም ይገባብኛል፣ ሁሉም ይጥልብኛል። እኔ የተሰጠኝን መልሼ ነው የምሰጠው።»

ውኃው ከላይ እንደ ጭቃ ገባ። ከታች፣ በስንጥቁ፣ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ እያለ የጠራ ሆኖ ወጣ። ፍልፈሊት ራሷ ሆዷን ታማ ነበር። ያንን ውኃ ብቻ ጠጣች። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት። ሆዷ ዳነ። በነዚያ ሁለት ሳምንታት ግን ስምንት ልጆች ቀበረች።

ሸንጎ በተቀመጠበት ቀን ገንቦዋን አዝላ ሄደች። ንጉሥ አንበሳ ከጉብታው ላይ ተቀምጧል። አያ ዝንጀሮ በቀኙ፣ አያ ጅቦ በግራው አለ። ሌላው ሁሉ ዙሪያውን ነው። ፍልፈሊት ስትገባ አጠገቧ ያሉት ፈቀቅ አሉ።

«ጌታዬ፣ ልጆቹ እንዳይሞቱ የሚያደርግ ነገር ሠርቻለሁ» አለች።

አንበሳው አያ ዝንጀሮን አየው። አያ ዝንጀሮ ጉሮሮውን ጠራርጎ ተነሣ።

«ስሙ ማን ይባላል?»

«ስም የለውም።»

«ይመራል?»

«አይመርም። ምንም አይልም።»

«ከማን ተማርሽው?»

ፍልፈሊት ትንሽ አመነታች። «ከቆቅ ነው። ከጠጠሮቼም።»

ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ። ቆቅ አንገቷን ደፋች።

«ስም የሌለው፣ የማይመር፣ ከቆቅ የተማሩት መድኃኒት!» አለ አያ ዝንጀሮ። ከሌሎቹ ጋር ሳቀ። የእሱ መራራ ያዳነው ልጅ እንደሌለ ግን ከማንም በፊት የሚያውቀው እሱ ነው።

አያ ጅቦ ደግሞ ሳያስፈቅድ ተናገረ። ሁልጊዜ ፍልፈሊትን ይጠላታል፤ አጥልቃ ስለምትቀብር ስንት ራት አስቀርታበታለች።

«ጌታዬ፣ ይህቺ ሴትዮ ከመቃብር ያወጣችውን አፈር በገንቦ ሞልታ፣ በሱ የወረደውን ውኃ ለልጆቻችን ልታጠጣ ነው። ልጆቹ ሲያልቁ የማን ሥራ ነው የሚደራው?»

«ውጪ! አውጧት!» የሚል ጩኸት ተነሣ። አንበሳው እጁን አነሣ። «ፍልፈሊት፣ ሥራሽ መቆፈር ነው» አላት። «ሥራሽን ያዢ።»

ፍልፈሊት ገንቦዋን አዝላ ወጣች።

«አሁንስ?» አላት ገንቦው።

«በየቤቱ እንዞራለን።»

ዞሩ። ጥንቸል በሯን ዘጋችባቸው። ከርከሮ አንድ ጊዜ ጎንጨት አለና ተፋው፤ «ይሄ ውኃ ሬሳ ነው፤ ጣዕም የለውም» አለ። ሦስተኛው የድኩላ ቤት ነበር።

ድኩላ ሁለት ልጆች ሞተውባታል። ከነሱ በኋላ የወለደቻቸውን አንዱን ማስረሻ፣ አንዱን ምትኬ ብላ ነበር ስም ያወጣችላቸው። ያን ቀን ማስረሻ ሆዱን ይዞ ተኝቷል።

«እሜት ድኩላ፣ ይህን ትንሽ ትንሽ አጠጪው፤ ከኩሬው ግን ደግመሽ አትስጪው» አለች ፍልፈሊት ከደጅ ሆና።

ድኩላ ዘላ ወጣች። ዓይኗ ደም ለብሷል። «ልጄ ገና እየተነፈሰ ነው!» አለች። «ሳይሞት ምን አመጣሽ? የመቃብር ልክ ልትወስጂለት ነው የመጣሽው?»

«እህቴ፣ እኔም ልጄን...»

«እህትሽ አይደለሁም!»

ድኩላ በኮቴዋ ረገጠችው። ገንቦው አምስት ቦታ ተከፈለ። አሸዋው ፈሰሰ፤ ውኃው አፈር ውስጥ ገባ።

ፍልፈሊት ተንበርክካ ስብርባሪውን ሰበሰበች። ገንቦው በቀረችው አፉ «ይቅርታ፣ ፍልፈሊት» አላት። «ትንሽ ልጠነክርልሽ ይገባ ነበር።» ከዚያ በኋላ አልተናገረም።

በሦስተኛው ቀን ማስረሻ ሞተ። ድኩላ ወደ ፍልፈሊት ጎሬ መጥታ «ፍልፈሊት፣ ድረሽልኝ» አለች።

ፍልፈሊት ከውስጥ ሆና «ከእንግዲህ አልቆፍርም» አለች።

«ምን?»

«ሰማኒያ ሦስት ልጆች ቀብሬያለሁ። ሰማኒያ ሦስት ጊዜ ጠርታችሁኛል። አንድ ቀን እንኳ ‹ፍልፈሊት፣ ምን አየሽ?› ብላችሁ ጠይቃችሁኝ አታውቁም። ሂጂ። ሸንጎው ይቆፍርልሽ። አያ ዝንጀሮ ይቆፍርልሽ።»

«ሬሳ ይዤ እኮ ነው የመጣሁት!»

ፍልፈሊት በሯን በአፈር ደፈነች።

ይህን ያደረገችው በቁጣ ብቻ አልነበረም፤ ካልቆፈርኩ ያኔ ይሰሙኛል ብላም ነው። ግን ጨለማው ውስጥ ተቀምጣ አፈሩን በእጇ ይዛ ስታለቅስ፣ ያደረገችው ነገር ትክክል መስሎ አልታያትም።

ድኩላ ልጇን ተሸክማ ሄደች። ከሜዳው ላይ መሬቱን በኮቴዋ ደበደበችው፤ በጋ ያደረቀው መሬት እንደ ድንጋይ ሆኖባት እምቢ አላት። ከግራሩ ሥር ሞከረች፤ ሥሩ መለሳት። አያ ጅቦ በጠራራ ፀሐይ ከሩቅ ተከተላት። ስትቆም ይቆማል፣ ስትሄድ ይሄዳል። «ይድከምሽ እንጂ እኔ አልቸኩልም» ይላት ነበር። ምትኬ እናቱን ጭራ ጭራዋን ይከተላል፤ በውኃ ጥም ምላሱ ወጥቷል።

በመጨረሻ የሚቆፈር መሬት ያለበት አንድ ቦታ ብቻ ቀረ። ወደ ሞተው ወንዝ ወረደች።

ፍልፈሊት ከመሬት በታች ኮቴውን ትሰማ ነበር። ድም፣ ድም፣ ድም። ከሜዳው ሰማችው፣ ከግራሩ ሥር ሰማችው። ከዚያ ራቀ፤ ለስላሳ ሆነ። አሸዋ ላይ መሆኑን አወቀች። አላስቻላትም። እንዲያ ቆፍራ አታውቅም፤ ጥፍሯ እስኪደማ ድረስ እየበሳች ሄደች፤ በወንዙ ዳርም ብቅ አለች።

ድኩላ ከጉድጓድ አፋፍ ላይ ቆማለች። ማስረሻ ከጎኗ ተጋድሟል። ለማስረሻ የተቆፈረው መቃብር ውስጥ ውኃ ሞልቷል። ምትኬም ተንበርክኮ ከመቃብሩ ውስጥ ይጠጣል።

«ምትኬ! ተው! የመቃብር ውኃ ነው!» ብላ ድኩላ ጮኸች።

«ተይው» አለች ፍልፈሊት። «ይጠጣ።»

ድኩላ ዞር ብላ አየቻት። የምትሰድብበትም፣ የምትለምንበትም አቅም አልነበራትም።

«ይሞትብኛል» አለች በቀስታ።

«ከኩሬው ከጠጣ ይሞትብሻል። ከዚህ ከጠጣ አይሞትም። በገንቦው ያመጣሁልሽም እንዲሁ በአሸዋ የተጣራ ውኃ ነበር።»

ድኩላ ውኃውን አየች። ማስረሻን አየች። ሦስት ቀን ወደ ኋላ ቆጠረች፤ የሰበረችው ምን እንደነበረ ያኔ ገባት።  ከአፏ የወጣው ጩኸት አያ ጅቦን እንኳ ከቆመበት አሸሸው።

 ፍልፈሊት ከፍ ያለ ደረቅ መሬት ፈለገችና ለማስረሻ ቆፈረች። አጥልቃ ቆፈረችለት። ሁለቱ እናቶች አብረው አፈር መለሱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምትኬ ከአሸዋው ብቻ ጠጣ። የእኩዮቹ ቀብር እየተከታተለ ሲወጣ እሱ ቆዳው አማረ፣ ጉንጩ ሞላ። ድኩላ ይዛው ወደ ሸንጎ ገባች።

«ይህን ልጅ እዩት» አለች። «ስንት ልጅ ቀብሬያለሁ? ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ይሄ ለምን አልሞተም? ፍልፈሊት የነገረችንን፣ በአሸዋ የተጣራ ውኃ ከሞተው ወንዝ ስለጠጣ ነው። እኔ ገንቦዋን ሰበርኩት። ማስረሻ የሞተው በኔ እግር ነው።»

 ፍልፈሊት ብትናገረው የሚስቁበት ነገር፣ ከድኩላ አፍ ሲወጣ አላሳቃቸውም። አንዷ እናት ተነሥታ «ውኃው ከወንዙ የቱ ጋ ነው?» አለች። ሌላዋም ተነሣች። ቆቅም ያን ጊዜ ደፈረችና «እኔ አሳያችኋለሁ» አለች።

አያ ዝንጀሮ ግን ቸኩሎ ተነሣ። «ወገኖቼ! ያንን ወንዝ ቀድሜ የመረቅሁት እኔ ነኝ። መራራዬን ከላዩ አፍስሼበታለሁ። ልጁን ያዳነው እሱ ነው።»

አንበሳው እፎይ አለ። መቃብር ቆፋሪ አስተምራን ዳንን ከማለት ይህ ይሻለዋል። «እንግዲያው» አለ፣ «ሁሉም ከአሸዋው ጭሮ ይጠጣ። ውኃውም የዝንጀሮ ውኃ ይባል።»

ድኩላ እየሮጠች ወደ ፍልፈሊት መጣች። «ሄደሽ ተናገሪ! ዋሽቷል በያቸው! እኔ እመሰክርልሻለሁ!»

ፍልፈሊት ረጅም ጊዜ አሰበች። አንጓችን አሰበች፤ «እማዬ፣ ውኃ» ያለችውን። መንገድ ዳር ወድቆ ያገኘችውን ገንቦ አሰበች። 

«እየጠጡ ነው?» አለች።

«እየጠጡ ነው።»

«ልጆቹም?»

«ልጆቹም።»

«እንግዲያው ልሂድና ልከራከር? ስከራከር ግማሹ ከሱ ጋር፣ ግማሹ ከኔ ጋር ይሆናል። ከሱ ጋር የሆኑት ወደ ኩሬው ይመለሳሉ። በዝንጀሮ ስም ይጠጡት፤ ብቻ ይጠጡት።»

ይህን ብላ ጎሬዋ ገባች። ድኩላ ከደጇ ተቀምጣ ስታለቅስ ዋለች። የመቃብር ቆፋሪ ደጅ ለለቅሶ የረገጠች የመጀመሪያዋ እሷ ነበረች።

የሚቀጥለው በጋ መጣ። ኩሬው ጠበበ፣ ጠቆረ፣ ወፈረ። ፍልፈሊትን ግን የሚጠራ የለም። አንድ ወር አለፈ፤ ማንም አልጠራትም። በሁለተኛው ወር ከደጇ «ፍልፈሊት፣ ድረሽልን» የሚል ድምፅ ሰማች። እየተጣደፈች ወጣች።

«ማን ነው? የማን ልጅ ነው?»

«ልጅ አይደለም» አሏት። «አሮጊቷ ኤሊ ናቸው። አርጅተው፣ ዕድሜ ጠግበው፣ ተኝተው በዚያው ቀሩ።»

ፍልፈሊት ሄዳ ቆፈረች። በእርጅና የሞተ ስትቀብር ከብዙ ዓመት ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር። ለቀስተኞቹ አይተዋት ተገረሙ፤ መቃብር ቆፋሪዋ አፈሩን እየመለሰች ድምፅ አውጥታ፣ እንደ ልጅ ታለቅስ ነበር። ያለቀሰችው ለኤሊ እንዳልሆነ ያወቀች ድኩላ ብቻ ናት።

በዚያ ሸለቆ ዛሬም ውኃውን የዝንጀሮ ውኃ ይሉታል ይባላል። እናንተ ግን የሰማችሁትን ሰምታችኋል። አንድ ሰው ሕይወት የሚያድን ነገር ይዞ ደጃችሁ ሲቆም፣ መጀመሪያ የያዘውን እዩ፤ ማን እንደሆነ፣ እጁ ምን እንደሚሸት በኋላ ትጠይቃላችሁ። እነዚያ መጀመሪያ እጇን ስላሸተቱ ስንት ልጅ ቀበሩ። እኔ የሰማሁትን አደረስኩ፤ እናንተም ላልሰማው አድርሱ።